ፕሌት ላይ ዞን ወጣ ማለት መድኃኒት ተገኘ ማለት ነው? (የዳማከሴና የጦስኝ ክር፣ ከመልስ 1 እስከ 27)

ይሄ ክር በጣም ስለረዘመ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ያነብና እላይ የተመለሰውን ነገር መልሶ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ አሳጥሬ ላስቀምጥላችሁ። የማንንም ጽሑፍ ቃል በቃል አልገለብጥም፣ ሙሉውን የፈለገ ቁጥሩን አይቶ ይሂድ። እኔ ማይክሮባዮሎጂ ላብ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ቁጥር 5 እና ቁጥር 13 የኔ ናቸው፣ ነገሩ ደግሞ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ስለሆነ የራሴን አስተያየት እያስገባሁ ነው የምሄደው።

ክሩን የከፈተችው አንዲት የማስተርስ ተማሪ ናት። ዳማከሴና ጦስኝ ሰብስባ፣ ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቃ፣ ፈጭታ፣ በ80 ፐርሰንት ሜታኖል ለ72 ሰዓት ዘፍዝፋ፣ አጣርታ፣ ሜታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር አትንና የቀረላትን ጥቁር አረንጓዴ ክሩድ ኤክስትራክት፣ ማለትም ከቅጠሉ የወጣውን ያልተጣራ ድብልቅ፣ ሶስት ባክቴሪያ ላይ ሞክራዋለች፤ ስታፍ አውሬስ፣ ኢ ኮላይ እና ሱዶሞናስ። ሙለር ሂንተን አጋሩን (ፕሌት የሚባለው ሳህን ላይ የሚፈስ፣ ባክቴሪያ የሚያድግበት እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ነው) ባለ 6 ሚሊሜትር ቀዳዳ በስታ ኤክስትራክቱን እዛ ውስጥ ጨምራ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድራ በነጋታው በቀዳዳው ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ (ዞን የምንለው እሱን ነው) ስትለካ ስታፍ ላይ ዳማከሴው 15 ሚሊሜትር፣ ጦስኙ 17፣ ለማነጻጸሪያ ያስቀመጠችው ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ዲስክ ደግሞ 21 ወጣላት። ኢ ኮላይ ላይ ሁለቱም ትንሽ ነገር፣ ሱዶሞናስ ላይ ባዶ። ጥያቄዋ፣ ማጠቃለያዬ ላይ ዳማከሴ የአንቲባዮቲክ አማራጭ ሊሆን ይችላል ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል ወይ የሚል ነው።

መልስ 1 እና 2 ደስታ ናቸው። ሁለቱም ልጅቷን አመስግነው፣ አያቶቻችን ስንት ዘመን የሚያውቁትን ነገር ላብ ገና አሁን እየደረሰበት ነው አሉ። መልስ 3 በጣም ጨዋ ሆኖ የጀመረ ግን ጠንከር ያለ ነበር፣ ኤክስትራክቱ በምን ተሟሟ፣ የማሟሟቻው ብቻ ያለበት ቀዳዳስ ዞን ሰጠ ወይ፣ በሚሊ ስንት ሚሊግራም ነው፣ ባክቴሪያው ከታማሚ የተወሰደ ነው ወይስ የታወቀ መደበኛ ዝርያ ብሎ ጠየቀ። ተማሪዋ ቁጥር 4 ላይ ወዲያው መለሰች፣ ማሟሟቻው ዲኤምኤስኦ ነው፣ ለብቻው ዞን አልሰጠም፣ ኤክስትራክቱ በሚሊ 200 ሚሊግራም ነው፣ በየቀዳዳው 100 ማይክሮሊትር ገብቷል፣ ባክቴሪያዎቹ መደበኛ ዝርያዎች ናቸው፣ ኤቲሲሲ 25923፣ 25922 እና 27853። አንድ ነገር ልበል፣ ቁጥሩን ሳትሸሽግ እንደዚህ ዘርግታ ማስቀመጧ ነው ክሩን ዋጋ ያለው ያደረገው፣ ስንት ፔፐር ይሄን ሳይጽፍ ነው የሚያልፈው።

ቁጥር 5 ላይ የጻፍኩት ሂሳብ ነው። በሚሊ 200 ሚሊግራም የሆነ ነገር 100 ማይክሮሊትር ሲወሰድ 20 ሚሊግራም ይሆናል፣ ማለትም 20,000 ማይክሮግራም አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። የጄንታማይሲኑ ዲስክ የያዘው 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። እና 15 እና 21 ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተቀራረቡ ይመስላሉ እንጂ የዳማከሴው በክብደት 2,000 እጥፍ ሆኖ ነው እዛ የደረሰው። ጄንታማይሲኑ 21 መስጠቱ ግን ጥሩ ዜና ነው፣ ለዚያ ዝርያ የሚጠበቀው ከ19 እስከ 27 ሚሊሜትር ስለሆነ ፕሌቷ በአግባቡ እንደሰራች ያሳያል፣ የኮንትሮሉ ዋና ሥራም ይሄ ነው፣ ውድድር ውስጥ መግባት አይደለም።

ቁጥር 6 በዚህ ተናደደ። ልጅቷን ተስፋ አታስቆርጡ፣ ክሩድ ኤክስትራክት እኮ በመቶ የሚቆጠር ነገር የተቀላቀለበት ነው፣ የተጣራ መድኃኒት ጋር በክብደት ማወዳደር ራሱ ፍትሐዊ አይደለም አለ። እውነቱን ነው። ሠሪው ንጥረ ነገር ከኤክስትራክቱ 1 ፐርሰንት ብቻ ቢሆን ከ20,000ው ውስጥ 200 ማይክሮግራም ነው፣ ያኔ ልዩነቱ ከ2,000 እጥፍ ወደ 20 እጥፍ ይወርዳል፣ ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ችግሩ 1 ፐርሰንት ይሁን 10 ፐርሰንት ፕሌቷ ልትነግረን አትችልም፣ ስለዚህ ቁጥር 6 ያለው ነገር የሚያመጣው ተጨማሪ ሥራ እንጂ የማጠቃለያውን ዓረፍተ ነገር አያድነውም።

ከዚያ ክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ቁጥር 7 ላይ ቨርጂኒያ የሚኖሩ እናት ገቡ፣ በረንዳቸው ላይ ጤና አዳምና ዳማከሴ በሸክላ ተክለው ብርድ ሲመጣ ወደ ቤት ያስገባሉ። ምች የመታው ሰው ሲመጣ የሚያደርጉትን አንድ በአንድ ነገሩን፣ ለጋውን ቅጠል ይቆርጡና አጥበው በመዳፋቸው መሀል ያሹታል፣ አረንጓዴው ጭማቂ ሲወጣ ጠብ ጠብ አድርገው ቡና ላይ ይጨምሩና ያጠጡታል፣ የተረፈውን ግንባሩን፣ አንገቱንና እጁን ቀብተው ተሸፋፍኖ እንዲተኛ ያደርጋሉ። ደረቅ ቅጠል የለ፣ ሜታኖል የለ፣ 72 ሰዓት የለ። ቀጥለው ያን ጭማቂ ፕሌት ላይ የሞከረው ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። በኔ እይታ የክሩ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ያኔ ግን ማንም ሳይመልስላቸው ታለፉ።

የታለፉት ቁጥር 8 ስለ ምች ሌላ ነገር ስላነሳ ነው። በምች ጊዜ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባለው ቫይረስ ነው፣ ስለዚህ ስታፍ ላይ የተገኘ ዞን ስለ ምች የሚናገረው ነገር የለም አለ። ዳማከሴ ትኩሳት እንደሚቀንስ አይጥ ላይ ተሞክሮ የሀገራችን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ እንዳለም ጠቀሰ፣ ማለትም ቅጠሉ አንድም ባክቴሪያ ሳይገድል ሰውየውን ሊያሽለው ይችላል። ቁጥር 9 ይሄን እንደ ስድብ ወሰደው፣ ምች የከንፈር ቁስል ብቻ አይደለም፣ ራስ ምታቱም ትኩሳቱም ቁርጥማቱም አለ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ የእናቶቻችንን እውቀት ሲያናንቅ ሰልችቶናል አለ። ቁጥር 10 ነርስ ናት፣ እሷም አልማራትም፣ ሕጻን ልጅ የሳንባ ምች ይዞት ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቤት ውስጥ ቅጠል ሲቀባ ቆይቶ መጨረሻ ሰዓት ላይ ሲመጣ የሚቀበሉት እነሱ እንደሆኑ፣ እዛ ቆሞ ያላየ ሰው ስለ መናናቅ ባያወራ ጥሩ እንደሆነ ጻፈች። ቁጥር 11 የመድረኩ አስተናጋጅ ነው፣ ሁለቱንም ረጋ በሉ አላቸው።

እኔ ሁለቱም የሚሉት ስለገባኝ ነው ይሄን ረዘም አድርጌ የጻፍኩት። ቁጥር 9 ራሱ ያለው ነገር የቁጥር 8ን ሀሳብ ነው የሚደግፈው እኮ፣ ምች ትኩሳትም ቁርጥማትም ከሆነ እንግዲህ ስለ ትኩሳትና ስለ ሕመም መመርመር ነበረበት። የምናደርገው ግን ርካሹንና ቶሎ የሚያልቀውን ሙከራ ነው፣ አጋር ማፍሰስ፣ ባክቴሪያ መቀባት፣ በነጋታው በማስመሪያ መለካት፣ ከዚያ የተለካውን ነገር በግድ ከሕዝቡ አጠቃቀም ጋር ማያያዝ።

ቁጥር 12 ወደ ላብ መለሰን። እሱ የሚሰራበት ቦታ አንድ ጊዜ አጋሩ ስስ ሆኖ ተፈስሶ ዞኑ ሁሉ ተነፍቶ ወጥቶ ሰው ሁሉ እልል ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። የአጋሩ ውፍረት 4 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት፣ ሲሳሳ ዞኑ ይሰፋል፣ የባክቴሪያው ብጥብጥ ከ0.5 ማክፋርላንድ (የብጥብጡ ድፍርስነት መለኪያ ነው) ሲወፍር ደግሞ ዞኑ ይጠባል፣ 0.5 ማለት በሚሊ ወደ 150 ሚሊዮን ባክቴሪያ ነው። ብዙ ቦታ ማክፋርላንዱ በዓይን ብቻ፣ ጥቁር መስመር ያለበት ካርድ ፊት ተይዞ ነው የሚገመተው፣ ያም ቢሆን በጥንቃቄ ከተሰራ ያስኬዳል።

ቁጥር 13 የኔ ነው። ዞን የሚለካው ሁለት ነገር ነው፣ መግደልም፣ አጋሩ ውስጥ መጓዝም። ቅባታማ የሆነ ወይም ሞለኪውሉ ትልቅ የሆነ ነገር አጋሩ ውስጥ ብዙ አይሄድም፣ ስለዚህ ጠንካራ ሆኖም ትንሽ ዞን ሊሰጥ ይችላል፣ ደካማው ደግሞ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሰራጭ ሰፊ ይሰጣል። የጦስኝ 17 ከዳማከሴ 15 ይበልጣል ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። ኤምአይሲ፣ ማለትም እድገት የሚያግደው ትንሹ መጠን፣ መሰራት አለበት፣ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ኤክስትራክቱን በየረድፉ በግማሽ በግማሽ እያቀጠኑ፣ ባክቴሪያውን በሚሊ 500,000 ገደማ አድርጎ ጨምሮ፣ አሳድሮ፣ ሪዛዙሪን የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም ጠብ ማድረግ። በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ካለ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ይቀየራል፣ ሰማያዊ ሆኖ የቀረው የመጨረሻው ቀጭን ጉድጓድ ነው መልሱ። ከዚያ ሰማያዊ ከቀሩት ወስዶ ንጹህ አጋር ላይ መቀባት፣ ካልበቀለ ሞቷል፣ ከበቀለ እድገቱ ታግዶ ነበር እንጂ አልሞተም። ለክሩድ ኤክስትራክት በሚሊ ከ100 ማይክሮግራም በታች ከወጣ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ከ1,000 በላይ ከሆነ ግን ብዙዎች አንቲባክቴሪያል ነው ብሎ መጻፉን አይቀበሉትም።

ቁጥር 14 ይሄን ሁሉ መጻፍ ቀላል ነው ብሎ መጣብኝ፣ እነሱ ጋ ሪዛዙሪን ከታዘዘ ወራት አልፎታል፣ መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ ይቀዘቅዛል፣ ባለ 96ቱ ፕሌት ታጥቦ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። ትክክለኛ ብሶት ነው። እዛው ላይ ግን ራሱ መፍትሔ ሰጠ፣ ትራይፌኒል ቴትራዞሊየም ክሎራይድ የሚባለው ዱቄት ካለ እሱም ይሰራል፣ በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ካለ ቀይ ይሆናል፣ ኤክስትራክቱ አረንጓዴ ሆኖ ሰማያዊውን ለማየት ሲያስቸግር እንዲያውም ቀዩ ይሻላል።

ቁጥር 15 ስለ ጦስኝ የጻፈችው ነገር ልጅቷን በጣም የጠቀማት ይመስለኛል። የጦስኝ ጉልበት በብዛት ያለው ሽታው ላይ ነው፣ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ዘይቱ ውስጥ ያሉ ናቸው፣ ባክቴሪያ እንደሚገድሉም በደንብ የታወቁ ናቸው። የሚተኑ ነገሮች ስለሆኑ ቅጠሉ ሲደርቅ የተወሰነው ይሄዳል፣ ሮታሪ ኢቫፖሬተሩ ላይ ሜታኖሉን ስታተኚ ደግሞ ሌላው አብሮ ይሄዳል። ዘይቱን ለመያዝ ቅጠሉን ከውሃ ጋር አፍልቶ እንፋሎቱን በክሌቬንጀር (አቀዝቅዞ ዘይቱን የሚለይ የመስታወት ዕቃ ነው) መያዝ ነው። በተጨማሪ ከየትኛው ተራራና በየትኛው ወር እንደተቆረጠ መጻፍ አለበት፣ የዘይቱ ይዘት በቦታና በወቅት ይለያያል።

ከ16 እስከ 18 ያለው ወሬ ከርዕሱ ወጣ። የሰሜን ሸዋ ጦስኝ ይሻላል የባሌው የሚል ክርክር ተነሳ፣ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ በእስር የሚሸጠው አፈር አለበት ተባለ፣ አንዱ ኮሰረት ቅቤ ውስጥ የሚገባው እንዳይበላሽ ነው አለ። ፋርማሲስት የሆኑ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ቁም ነገር ጣል አደረጉ፣ የጦስኝ ሻይ መጠጣት ሌላ፣ የደም ግፊት ኪኒን ማቆም ሌላ፣ ኪኒኑን ማንም በራሱ እንዳያቆም አደራ አሉ።

ቁጥር 19 እንዶድን አመጣ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ ነው ሥራውን የጀመረው፣ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል፣ ስለዚህ ሀገር በቀል ተክል ለዓለም የሚተርፍ ነገር ይወጣዋል አለ። ቁጥር 20 አረመው፣ ታሪኩ ልክ ነው ግን እንዶድ የቢልሃርዚያን ትል የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ነው የሚገድለው፣ ከባክቴሪያ ጋር አታገናኘው፣ ደግሞም አክሊሉ አንድ ፕሌት ላይ አልቆመም፣ ወንዝ ድረስ ሄዶ ዓመታት ነው የሠራበት አለው። ቀጥሎ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቱቦ የሚዘጋውን ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ ለመግደል ፓተንት እንዳወጣበት ጨመረ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተቆጣ።

ቁጥር 21 ያን ቁጣ ወደኛው መለሰው። የባህል ሐኪም ልጅ ነው፣ ከጎጃም፣ የሚጽፈው ከአባቱ ጎን ሆኖ ነው። አባቱ ቁስል ሲያክሙ አንድ ቅጠል ብቻ ሰጥተው አያውቁም፣ ሥሩንም ቅርፊቱንም ያቀላቅላሉ፣ ሥር የሚቆፍሩበት ጊዜ አለ፣ አንዳንዱን በማር፣ አንዳንዱን በቅቤ ያደርጉታል። ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ የቅጠሉን ስም ይጽፋሉ፣ በፌስታል ይዘው ይሄዳሉ፣ ተመልሶ መጥቶ እንዲህ አገኘን ያለ አንድም ሰው የለም። አባትየው እስካሁን ይጠብቃሉ። ስለ ቶሌዶ የምትጮሁ እናንተ ራሳችሁ ምን ሰጣችሁን ብሎ ነው የጨረሰው። እኔ ለዚህ መከራከሪያ የለኝም። ተመልሶ ሄዶ ስታፍ ላይ ይሄን ያህል ሰራ፣ ሱዶሞናስ ላይ አልሰራም ብሎ መንገር የአውቶቡስ ትኬት ነው የሚያስወጣው፣ ደግሞ አባትየው ሱዶሞናስ የሚያመጣውን አረንጓዴ መግል ከኛ በላይ በዓይናቸው ያውቁት ይሆናል፣ ለዚያ ሌላ ሥር ካላቸው የሚነግሩን ያኔ ነው።

ቁጥር 22 ሕጉን አስታወሰ፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን እውቀት ለመጠቀም ፈቃድና ጥቅም መጋራት ያዛል፣ የሚመለከተውም የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። የተክሉ ናሙና አራት ኪሎ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ ነው) ገብቶ ቁጥር ካልተሰጠው ደግሞ ሥራውን ማንም ሊደግመው አይችልም አለ፣ ምክንያቱም ዳማከሴ ተብሎ የሚሸጠው ሁሌ አንድ ዝርያ አይደለም።

ቁጥር 23 ስለ ሱዶሞናስ ባዶ መውጣት አስረዳ። ኢ ኮላይም ሱዶሞናስም ስታፍ የሌለው ሁለተኛ የውጭ አጥር አላቸው፣ ሱዶሞናስ ደግሞ የገባውን መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አለው፣ ለዚህ ነው ቴሲስ ሁሉ ስታፍ ላይ ሰራ ሰራ የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ደረጃ 1.27 ሚሊዮን ተብሎ ተገምቷል፣ ስለዚህ ባዶ የወጣውም ውጤት መታተም አለበት፣ ሌላው ሰው ያንኑ ቅጠል ያንኑ ባክቴሪያ ላይ ደግሞ ጊዜውን እንዳያቃጥል። ቁጥር 24 አጭር ነበር፣ በረኪናም ፕሌት ላይ ትልቅ ዞን ይሰጣል፣ ማንም ግን አይጠጣውም፣ ኮሶ እንኳን መጠኑ ሲያልፍ ሰው ይጎዳል፣ ስለዚህ የሰው ወይም የእንስሳ ሴል ላይ መርዛማነቱ ሳይታይ አማራጭ መድኃኒት የሚባል ነገር አይጻፍ።

ቁጥር 25 ላይ ቻይናዊቷን ቱ ዩዩን ያነሳው ሰው ሳያስበው የቨርጂኒያዋን እናት ጥያቄ ከሞት አስነሳው። ቱ ዩዩ የወባውን መድኃኒት አርቴሚሲኒን ስትፈልግ በሙቀት የወጣው ኤክስትራክት እምቢ ሲላት፣ የድሮ የቻይና ሐኪም የጻፈውን አነበበች፣ ተክሉን በውሃ ነክረህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል፣ ያኔ ሙቀቱ እንደሚያበላሸው ጠርጥራ በትንሽ ሙቀት በኤተር አወጣችው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። እና እናቶቻችን ዳማከሴን ለጋውን በእጃቸው ጨምቀው የሚሰጡት ምክንያት ቢኖረውስ ብሎ ጠየቀ።

ተማሪዋ ቁጥር 26 ላይ ተመለሰች። የማጠቃለያዋን ዓረፍተ ነገር ቀይራ፣ በዚህ መጠን ስታፍ ላይ እድገት አግዷል፣ ኤምአይሲው አልተሰራም ብላ ልትጽፍ ነው፣ አድቫይዘሯ ጊዜ ከሰጣት ደግሞ ኤምአይሲውን በቀዩ ዱቄት ልትሰራ፣ ለጋውን ጭማቂም ጎን ለጎን ልትሞክር አስባለች። ግን ጭማቂው ከራሱ ከቅጠሉ ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል፣ በ0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ስታሳልፈው ደግሞ ወዲያው ይደፈናል። ቁጥር 27 በመጀመሪያ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሪው፣ ከዚያ በ0.45 አሳልፊው፣ መጨረሻ ላይ ነው 0.22 ብሏታል፤ የጭማቂውን ፒኤች ለክተሽ ያንኑ ፒኤች የሆነ ባዶ ውሃ ኮንትሮል አድርጊ፣ አንድ ሚሊ አድርቀሽ መዝኚና መጠኑን በደረቅ ክብደት ጻፊ አላት። ጭማቂው ከተቆረጠበት ቦታ ብዙ ሳይርቅ በዚያው ቀን መሰራት ስላለበት፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ የሚያቀዘቅዝ ሴንትሪፊዩጅ ያለው ላብ እየፈለገች ነው። እስካሁን መልስ የሰጣት የለም፣ የምታውቁ እዚሁ ስር ጻፉላት።